ፓወር ባንክ ሲገዛ መጀመሪያ የሚነበበው «ኢንፑት» ነው፦ ለአንድ የግዢ መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ እጅ እየተቀባበለ ብዙ ሰው ያነበበው አንድ የፓወር ባንክ መግዣ መመሪያ አለ። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ምረጡ፤ ሲይዙት የሚከብደውን ውሰዱ፤ ስሙ ከታወቀ ሌላ አትጠይቁ፤ ከተገኘ የሶላር ይሁን፤ ፈጣን ቻርጅ ስልክ ስለሚገድል ሽሹት፤ አዲሱን 12 ሰዓት ሰክታችሁ አሳድሩት፤ በአውሮፕላን ስትሄዱ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት፤ ከስልክ ሌላ ምንም አትሰኩበት፤ ለቤተሰብ ደግሞ 50,000 ግዙ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ያስታውቃል። ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ ግዙ ማለታቸውና ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት ማለታቸውም ትክክል ነው። የቀረውን ምክር የተከተለ ሰው ግን ብዙ ብር ከፍሎ፣ መብራት በጠፋ ማግስት የሞተ ዕቃ ታቅፎ ይቀራል።

«ቁጥሩ በበዛ መጠን ይሻላል»

በመመሪያው ስሌት 20,000 ሚሊ አምፕ ያለው ፓወር ባንክ 5,000 ሚሊ አምፕ ባትሪ ያለውን ስልክ አራት ጊዜ ይሞላል። (ሙሉ ስሙ ሚሊ አምፕ ሰዓት ነው፤ እኛም ሱቅ ውስጥ እንደሚባለው አሳጥረነዋል።) ማካፈሉ ልክ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ግን በአንድ ሚዛን የተመዘኑ አይደሉም። ካርቶኑ ላይ ያለው 20,000 የተለካው ውስጥ ባሉት የሊቲየም ሴሎች ቮልቴጅ ማለትም በ3.7 ቮልት ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው፤ ፈጣን ቻርጅ ላይ 9 ወይም 12 ይደርሳል። ያንን ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት ሲሠራ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ከከፈላችሁበት ቻርጅ ላይ የተቆረጠ ነው።

ሁሉንም በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጠው ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፕ ማለት 20 አምፕ ነው፤ በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶው በሰርኪዩቱና በኬብሉ ይቀራል፣ ስለዚህ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 63 ወይም 65 ነው እንበል። የ5,000ው ስልክ ባትሪ ደግሞ በ3.85 ቮልት ወደ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሲሞላም እሱ ራሱ ጥቂት ያባክናል። ውጤቱ ከባዶ እስከ ሙሉ ሦስት ጊዜ ገደማ ነው፣ አራት አይደለም። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያያችሁ የምትሞሉ ከሆነ ሦስትም አይደርስ። 10,000ው አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ይሞላል።

ይህን ለማወቅ ሒሳብ መሥራት ግድ አይደለም። ዕቃውን ገልብጡና ከጀርባው ያለውን ደቃቃ ጽሑፍ ብርሃን ላይ አንብቡት። በደንብ የተሠራ 20,000 ላይ አራት መስመር ይገኛል። የመጀመሪያው የባትሪው አቅም ነው፦ 20,000፣ 3.7 ቮልት፣ 74 ዋት ሰዓት። ቀጥሎ «ሬትድ ካፓሲቲ» የሚል አለ፤ እዚያ ላይ 12,000 ወይም 13,000 አካባቢ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ገዢ ይህችን ሲያይ የተጭበረበረ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በ5 ቮልት በትክክል የሚወጣውን የጻፈው አምራች ሐቀኛው ነው፤ የሚያጠራጥረው ይህ መስመር የሌለበት ዕቃ ነው። ሦስተኛው «ኢንፑት» ማለትም ፓወር ባንኩ ራሱ ሲሞላ የሚቀበለው፣ አራተኛው «አውትፑት» ማለትም ወደ ስልኩ የሚያወጣው ነው። ወደ ሦስተኛው እንመለስበታለን፤ ዋናው ጉዳያችን እሱ ነው።

50,000 እና ከዚያ በላይ ስለተጻፈባቸው ደግሞ ውስጣቸውን ማሰብ ይበቃል። በብዙ ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ሴል ነው፤ የሬዲዮ ድንጋይ የሚመስል፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው። ከነዚህ ውስጥ ምርጥ የሚባለው 3,500 ሚሊ አምፕ ቢይዝ ነው፤ ርካሾቹ 2,000 አካባቢ ናቸው። አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 50,000 ለማግኘት ምርጡን ብትጠቀሙ እንኳ 14 እና 15 ሴል ያስፈልጋል፤ በርካሹ 25 ይሆናል። ሴሉ ብቻ ከ650 ግራም ጀምሮ ከኪሎ በላይ ይሄዳል። ሱሪ ኪስ ውስጥ የሚገባ 50,000 ካያችሁ፣ እውነት ያልሆነው ቁጥሩ ነው።

«ከከበደ ኦሪጅናል ነው»

ግማሹ እውነት ነው። መቅለል ፎርጅድ መሆኑን ያሳብቃል፤ መክበድ ግን ኦሪጅናል መሆኑን አያረጋግጥም፤ ውስጡ አሸዋ ወይም ቁራጭ ብረት ተሞልቶበት የሚሸጥ አለና። በግምት ከመያዝ ደግሞ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ስኳር የሚመዘንበት የሱቅ ሚዛንም ይሆናል። እውነተኛ 10,000 ከ180 እስከ 250 ግራም፣ 20,000 ከ330 እስከ 450 ግራም አካባቢ ነው። 20,000 ተብሎ 200 ግራም የሚመዝን ከሆነ ወሬውን ማቆም ነው።

ሚዛኑን ያለፈው ዕቃ ቤት ውስጥ ይፈተናል። ፓወር ባንኩን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ስልካችሁን 10 በመቶ እስኪደርስ ተጠቀሙበትና ሰክታችሁ፣ ሳትነኩት እስከ 90 ሙሉት። መልሳችሁ ወደ 10 አውርዱና ድገሙት። ባትሪው 5,000 የሆነና ብዙ ያላረጀ ስልክ ከሆነ፣ እውነተኛ 20,000 ይህን ሦስት ጊዜ ጨርሶ አራተኛውን ማጋመስ አለበት። ሁለተኛውን ሳይጨርስ ከሞተ ውስጡ ያለው 10,000 አካባቢ ቢሆን ነው። የቀረውን ቻርጅ የሚያሳዩትን አራት ትንንሽ መብራቶች አትመኑ፤ ርካሽ ዕቃ ላይ የሚያሳዩት የቮልቴጅ ግምት ብቻ ስለሆነ ሦስት በርቶ ቆይቶ በድንገት ወደ አንድ መውረድ የተለመደ ነው።

መመሪያው የረሳው፦ ፓወር ባንኩ ራሱ በስንት ሰዓት ይሞላል?

ጸሐፊው ስለ መውጫው ብዙ ብለዋል፤ ስለ መግቢያው አንድ ቃል የለም። መብራት ሳይቋረጥ ለሚያድርበት ቤት ይህ ትልቅ ስህተት አይደለም፤ ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ሞልቶ ይገኛል። መብራት በፈረቃ ለሚመጣበት፣ ወይም መጥቶ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ለሚሄድበት ሰፈር ግን የዕቃው ዋጋ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ኢንፑቱ 5 ቮልት 2 አምፕ ብቻ የሆነ 20,000 እንውሰድ። 5 በ2 ሲባዛ 10 ዋት ነው። 74 ዋት ሰዓቱን ለመሙላት ብክነቱ ተጨምሮ 87 ያህል መግባት አለበት፤ ስለዚህ 9 ሰዓት ግድም ይፈጃል፤ መጨረሻው ላይ ስለሚዘገይም 10 ሊሞላ ይችላል። በ18 ዋት የሚቀበለው ያንኑ በ5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በ30 ዋት የሚቀበለው በሦስት ሰዓት ተኩል ይጨርሳል።

አሁን መብራት ለሦስት ሰዓት መጣ እንበል። በ10 ዋት የሚቀበለው 20,000 በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚያጠራቅመው 25 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚህ ወጥቶ ስልክ ጋ የሚደርሰው አንድ ሙሉ ቻርጅ ነው። በዚያው 10 ዋት የሚቀበል 10,000ም የሚያጠራቅመው ያንኑ 25 ነው። ማለትም በሦስት ሰዓት መብራት፣ በእጥፍ አቅም የተገዛው ትልቁ ከትንሹ በምንም አልበለጠም፤ ክብደቱ ትርፍ ሆኖ ቀረ። በ18 ዋት የሚቀበለው 20,000 ግን በዚያው ሦስት ሰዓት 46 ዋት ሰዓት ያስገባል፣ ሁለት ቻርጅ ያህል። ሁለቱ 20,000ዎች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንታ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው ያቺ የኢንፑት መስመር ናት። «5 ቮልት 2 አምፕ» ብላ ካቆመች ዘገምተኛው ነው፤ «9 ቮልት 2 አምፕ» ከተጨመረባት 18 ዋቱ ነው።

ይህም ሆኖ ፈጣን ኢንፑት ያለውን ገዝቶ አሥር ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው አዳፕተሩ ነው፤ ከድሮ ስልክ የተረፈች 5 ቮልት 1 አምፕ ቻርጀር ከሆነች 5 ዋት ብቻ ስለምትሰጥ 20,000ውን ለመሙላት ከ17 ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። ሁለተኛው ቀዳዳው ነው፤ አንዳንዱ ዕቃ ማይክሮም ታይፕ ሲም መግቢያ ኖሮት በማይክሮው የሚቀበለው 10 ዋት ብቻ ነው፣ ፈጣኑ ታይፕ ሲው ነው። ሦስተኛው ኬብሉ ነው፤ ፒ ዲ በሚባለው የፈጣን ቻርጅ ሥርዓት የሚሞላ ፓወር ባንክ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል ይፈልጋል፤ አንደኛው ጫፍ ሰፊው ዩኤስቢ ከሆነ ፒ ዲው አይነሳም። የተገላቢጦሹም አለ፦ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ኖሯቸው በሲ-ሲ ኬብል ጭራሽ የማይሞሉ ርካሽ ዕቃዎች። እነዚህ ቀዳዳው ላይ መኖር ያለባቸው ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ስለተተዉ ቻርጀሩ አያውቃቸውም፤ አሮጌውን ሰፊ ጫፍ ኬብል ብቻ ነው የሚቀበሉት። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ ሰክታችሁ ማየት ያለባችሁም ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ መብራት እንደመጣ ተሯሩጦ መሰካት አይበጅም። መስመሩ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ታግሳችሁ አዳፕተሩን ብትሰኩ እሱንም ፓወር ባንኩንም ታተርፋላችሁ።

«ፈጣን ቻርጅ ስልክ ይገድላል»

ዋቱን የሚወስነው ስልኩ ነው። ፒ ዲ ያለው ፓወር ባንክ ሲሰካ በ5 ቮልት ይጀምርና ያለኝ 9፣ 15፣ 20 ቮልት ነው ብሎ ያቀርባል፤ ስልኩ የሚችለውን ይመርጣል። ፒ ዲ የማያውቅ ስልክ 65 ዋት ፓወር ባንክ ላይ ቢሰካ በ5 ቮልቱ ይቀጥላል፣ አይቃጠልም። ባትሪ የሚጎዳው ሙቀት ነው፦ እየሞላ ትራስ ሥር መክተት፣ ወይም ስልኩንና ፓወር ባንኩን ተያይዘው ቦርሳ ውስጥ ከልብስ ጋር መወሸቅ።

ጸሐፊው ማስጠንቀቅ የነበረባቸው ለማይጠቀሙበት ዋት መክፈልን ነው። ከስልካችሁ ጋር የመጣውን አዳፕተር አውትፑት አንብቡ። 5 ቮልት 2 አምፕ ብቻ ከሆነ ስልኩ 10 ዋት ነው፤ አውትፑቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ፣ ያንን ብር ኢንፑቱ ላይ አውሉት። 25 ዋት የሚቀበል ሳምሰንግ ያለው ሰው ፓወር ባንኩ ላይ ፒ ፒ ኤስ (የፒ ዲ ተጨማሪ ዓይነት ነው) የሚል ጽሑፍ ይፈልግ፤ ያለዚያ ስልኩ ወደ 15 ዋት አካባቢ ይወርዳል። አይፎን ከ8 ጀምሮ ተራው ፒ ዲ ይበቃዋል። የራሳቸው የቻርጅ ሥርዓት ያላቸው ስልኮች ግን በሌላ አምራች ፓወር ባንክ ላይ ካርቶናቸው ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ላያገኙ ይችላሉ፤ ይህ የፓወር ባንኩ ብልሽት አይደለም።

«የሶላር ከሆነ ሶኬት አያስፈልግም»

ፓወር ባንክ ጀርባ ላይ የምትለጠፈው ሰሌዳ በአብዛኛው የአንድ ስልክ ስፋት ናት፣ 14 በ7 ሴንቲ ሜትር እንበል። የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብሎ ቢያርፍባት እንኳ ሁለት ዋት አትደርስም፤ በተግባር አንድ ዋት ተኩል ካገኛችሁ እሰየው። በዚህ አካሄድ 74 ዋት ሰዓት ለመሙላት ከ50 ሰዓት በላይ ጠንካራ ፀሐይ ይጠይቃል፤ በቀን አምስት ሰዓት ቢገኝ አሥር ቀን መሆኑ ነው። ያውም ክረምት ካልሆነ። ከዚህ የሚብሰው፣ ሰሌዳዋ የተለጠፈችው ባትሪው ላይ መሆኑ ነው፤ እሷን ፀሐይ ላይ ማስጣት ባትሪውን መጥበስ ነው፣ ሊቲየም ደግሞ ከ45 ዲግሪ በላይ መሞላት የለበትም። መብራት ጨርሶ በሌለበት ገጠር ለሚኖር ሰው ትክክለኛው መንገድ ለብቻው የሆነ 20 ወይም 30 ዋት ሰሌዳ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ ፓወር ባንኩን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ በኬብል ማገናኘት ነው።

«12 ሰዓት አሳድሩት፣ ባዶ ሳይሆን አትሙሉት»

የኒኬል ባትሪ ዘመን ምክር ነው። ሊቲየም በማንኛውም ሰዓት ከየትኛውም ደረጃ ቢሞላ ችግር የለበትም፤ የሚጎዳው እንዲያውም ባዶውን ወራት መክረም ነው። የማትጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በየሦስት ወሩ ጥቂት ጨምሩበት።

«በጉዞ ጊዜ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ»

ከምክሮቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ፓወር ባንክ ለአየር መንገዱ በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ እሳት ቢነሳ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ የሚደርስለት ሰው የለም። መያዝ ያለበት በእጅ ሻንጣ ነው። የዓለም አቀፍ አቪዬሽን ደንብ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ እንዲያዝ ይላል፤ ከ160 በላይ የሆነ አይሳፈርም። 27,000 ሚሊ አምፕ በ3.7 ሲባዛ 99.9 ስለሚሆን ብዙ አምራች እዚያ ላይ የሚያቆመው በአጋጣሚ አይደለም። ጸሐፊው ያመሰገኑት 50,000 እውነት ቢሆን 185 ነው፤ በእጅም በሻንጣም አይሄድም።

በጥር 2017 ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ውስጥ መሬት ላይ በነበረ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ላይ እሳት ከተነሳ ወዲህ ደንቡ እየጠበቀ ነው፤ ሰው አልሞተም፣ መርማሪዎች ግን መነሻው ፓወር ባንክ ሳይሆን እንዳልቀረ ተናግረዋል። በዱባይ በኩል የምታልፉ ሰዎች ደግሞ ኤምሬትስ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠ አንድ ብቻ እንደሚፈቅድና በበረራ ላይ ስልክ መሙላትም እሱን መሙላትም እንደከለከለ እወቁ፤ ከላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥም አይገባም፣ ቦታው የወንበር ኪስ ወይም ወንበር ሥር ነው። ለንግድ ቻይና የሚመላለስ ሰው እዚያ የአገር ውስጥ በረራ ላይ 3ሲ የሚለው የቻይና የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት ግልጽ ሆኖ የማይታይበት ፓወር ባንክ ይዞ አይሳፈርም፤ ይህ ከሰኔ 21 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ነው። በየትኛውም አገር ፈታሹ የሚያነበው ያቺኑ ደቃቃ ጽሑፍ ነውና፣ ዋት ሰዓቷ የተፋቀችበት ዕቃ በር ላይ ልትቀር ትችላለች።

«የታወቀ ስም ካለው ሌላ አትጠይቁ»

ስም ይረዳል፣ አይበቃም። በሰኔ 2017 ስመ ጥሩው አምራች አንከር አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፓወርኮር 10000 የሚባሉ ፓወር ባንኮችን፣ የሞዴል ቁጥራቸው ኤ1263 የሆኑትን፣ እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ ብሎ ከገዢዎች መልሶ ጠርቷል። በዚያው ወር ሮሞስ የሚባለው ሌላ አምራችም ቻይና ውስጥ ወደ 490,000 የሚጠጉ መልሶ ጠርቷል። አሜሪካ ካለ ዘመድ የተላከ፣ ወይም ሁለተኛ እጅ የተገዛ አንከር ያለው ሰው የሞዴል ቁጥሩን ቢያይ መልካም ነው። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ጎኑ ያበጠ፣ ክዳኑ የተከፈተ ወይም ሳይሰካ የሚሞቅ ፓወር ባንክ ከዚያ በኋላ አይሰካም፣ አይወጋም፣ አልጋ አጠገብ አይቀመጥም።

«ከስልክ ሌላ ምንም አትሰኩበት»

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሞተው የዋይፋይ ራውተሩ ነው፤ ሰው ፓወር ባንክ ከሚገዛባቸው ምክንያቶች አንዱ መሆን ያለበት ይኸው ነበር። የራውተራችሁን አዳፕተር እዩ። 12 ቮልት 1 አምፕ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ 5 ቮልትን ወደ 12 የሚያሳድግ ኬብል ገዝታችሁ ከፓወር ባንኩ ጋር ማገናኘት ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነቱ ራውተር ሲሠራ 7 ዋት ገደማ ይበላል፤ እውነተኛ 20,000 ስምንት ሰዓት አካባቢ ያቆየዋል። የፋይበር መስመር ሆኖ ሳጥኑ ሁለት ከሆነ ግን ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ፤ አንዱን ብቻ አብርቶ ኢንተርኔት መጠበቅ የለም።

የሚበላሸው የት ነው? ኬብሉ 9 ቮልት ሆኖ ለ12 ቮልት ሲሰካ ራውተሩ መብራቱን አብርቶ በየደቂቃው እየጠፋ ይነሳል። ክቡ ጫፍ 5.5 በ2.1 ሚሊ ሜትር እና 5.5 በ2.5 የሚባሉ አሉት፤ የተሳሳተው ወይ አይገባም ወይ ይወላልቃል። በፒ ዲ 12 ቮልት እንዲያወጣ በሚያደርግ ኬብል የምትጠቀሙ ከሆነ አውትፑቱ ላይ 12 ቮልት መጻፉን አረጋግጡ፤ ብዙ ፓወር ባንክ ከ9 ወደ 15 ይዘላል። ደግሞ ፓወር ባንኩን ሶኬት ላይ ትታችሁ መብራት ሲሄድ ራሱ ይረከባል ብላችሁ አትጠብቁ፤ አብዛኞቹ በዚያች ቅጽበት ለአፍታ ስለሚቆርጡ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ይህ የማይስማማው ሰው ለራውተር ተብሎ የተሠራውን፣ መብራት ሲሄድ ሳያቋርጥ የሚረከበውን ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ባትሪ ይግዛ። የጆሮ ማዳመጫና የእጅ ሰዓት ሲሰኩ ፓወር ባንኩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋው ደግሞ የሚበሉት ትንሽ ስለሆነ ምንም የተሰካ አይመስለውም፤ ብዙዎቹ ላይ ቁልፏን ሁለቴ መጫን ይፈታዋል።

«ለቤተሰብ 50,000»

አራት ስልክ ላለበት ቤት የኛ ምርጫ በ18 ዋት የሚቀበሉ ሁለት 10,000ዎች ናቸው፣ ከሁለት 18 ዋት አዳፕተር ጋር። በሁለት ሶኬት ላይ ጎን ለጎን ሲሰኩ በዚያችው የሦስት ሰዓት መብራት ሁለቱም ሞልተው ያድራሉ። አንዱ ቤት ይቀራል፣ አንዱ ሥራ ይሄዳል፤ አንዱ ቢበላሽም ቤቱ ጨለማ ላይ አይቀርም። ሁለቱ ተደምረው ሚዛን ላይ ከ500 ግራም አይበልጡም።